የልጅዎ ጣቶችና የእንጨት ቤቱ መጋዝ

ባለፈው ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊዋ አያት ናቸው። የልጅ ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣለትም። ስድስት ወር ቤት ከተቀመጠ በኋላ ሰፈራቸው ውስጥ ካለ እንጨት ቤት ረዳት ሆኖ ገባ። ልጁ ደስ ብሎታል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ገንዘብ ይቀበላል፤ ለአያቱም ቡናና ስኳር ይዞ ይገባል። አያቱ ግን አንድ ቀን ምሳ ሊያደርሱለት ሄደው የሚሠራበትን ማሽን ካዩ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። «ልከልክለው ወይስ ዝም ልበል?» ይላሉ።

እኔ አይከልክሉት ባይ ነኝ። እንጨት ሥራ የተከበረ ሙያ ነው፤ ቤት ያቆማል፣ ትዳር ያስይዛል። ሥራ ፈትቶ ደጃፍ ላይ የሚውል ልጅ ከመጋዙ የባሰ አደጋ ያገኘዋል። ነገር ግን ዝምም አይበሉ። ድንገተኛ ክፍልና ቁስል ማጠቢያ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት በመጋዝ የተጎዱ ብዙ እጆች አሽጌአለሁ። ከእነዚያ እጆች ውስጥ «ይህስ የእግዜር ቁጣ ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር» የምለው በጣም ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ክትባትና ስለ ምግብ ማውራቱን ትቼ ስለዚህ ማሽን ልንገርዎት። ወላጅ የማያውቀውን ነገር ሊቆጣጠር አይችልምና።

ማሽኑ ወገብ ድረስ የሚደርስ የብረት ጠረጴዛ ነው። መሀሉ ላይ ስስ ክፍተት አለ፤ በዚያ ክፍተት ከሥር ወደ ላይ ጥርሳም ክብ ብረት ብቅ ይላል። ሠራተኞቹ ዲስክ ይሉታል። ከጠረጴዛው ሥር ያለ ሞተር በቀጥታ ወይም በቺንጋ ያሽከረክረዋል። አንዳንዱ ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እዚሁ ከማዕዘን ብረት ተበይዶ፣ ከምናለሽ ተራ የተገኘ ሞተር ተገጥሞለት የተሠራ ነው። ከእጅ መጋዝ የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በእጅ መጋዝ ሲሠራ እንጨቱ ይቆማል፣ መጋዙ ይሄዳል። እዚህ ግን መጋዙ ቦታው ላይ ሆኖ ይሽከረከራል፣ ሰውየው እንጨቱን በእጁ ወደ መጋዙ ይገፋል። የሠራተኛው እጅ ቀኑን ሙሉ የሚጓዘው ወደ ጥርሱ አቅጣጫ ነው ማለት ነው።

ፍጥነቱን እናስላው። ከዳር እስከ ዳር 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር፣ ጥርሱ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። አርባ ጥርስ ካለው፣ በአንዲት ሴኮንድ 2000 ጥርስ በአንድ ነጥብ ላይ ያልፋል። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪሰበስብ የሴኮንድ ሩብ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ሩብ ሴኮንድ 500 ጥርስ አልፏል። «ልጄ ቀልጣፋ ነው፣ ቶሎ እጁን ያነሳል» የሚሉኝ ወላጆች ነበሩ። ከዚህ ማሽን ጋር በቅልጥፍና የሚወዳደር ሰው አልተፈጠረም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር ልምጣ። ጣት የሚቆረጠው ሁልጊዜ ሰው ተዘናግቶ እጁን ዲስኩ ላይ ሲያደርግ ይመስለናል። እንደዚያም ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። ሠራተኛው በቆመበት በፊት በኩል የዲስኩ ጥርሶች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫኑታል፤ ይህ ደህና ነው። በኋላ በኩል ያሉት ጥርሶች ግን ከሥር ወደ ላይ ይወጡና በአናቱ በኩል ወደ ሠራተኛው ይመለሳሉ። የተሰነጠቀው እንጨት ዲስኩን ካለፈ በኋላ መልሶ ገጥሞ ዲስኩን ከቆነጠጠው፣ ወይም እንጨቱ ጠመም ብሎ ከእነዚያ ከኋለኞቹ ጥርሶች ጋር ከተጋጨ፣ ጥርሱ ብድግ አድርጎ ወደ ሰውየው ይወረውረዋል። በሬ በእርግጫ እንደሚመታ አድርገው ያስቡት፣ ያውም ቆመው ሳያዩት። ሆድን ይመታል፤ ደረትን ይመታል። እንጨቱ ላይ ተደግፎ የነበረው እጅ ደግሞ መደገፊያው ከሥሩ ሲጠፋ ወደ ዲስኩ ይወድቃል፤ ከዲስኩ ኋላ የነበረ እጅ ከሆነ ከእንጨቱ ጋር ወደ ጥርሱ ይጎተታል።

አንድ የሃያ ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ። ለበዓል የሚደርስ አልጋ እየሠሩ ነው። ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ በርዝመቱ እየሰነጠቀ ነበር። ባሕር ዛፍ፣ አናጺዎች እንደሚያውቁት፣ ውስጡ የታመቀ ኃይል አለው፤ በተለይ እርጥብ ሆኖ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ጎኖች ወይ ይፈለቀቃሉ ወይ ይገጥማሉ። የዚያን ቀን ገጠመ። ቀኝ እጁ ከፊት ይገፋል፤ ግራ እጁ ከዲስኩ ኋላ ሆኖ የሚወጣውን እንጨት ይቀበላል። እንጨቱ ተወረወረ፤ ግራ እጁ አብሮ ተሳበ። ሌባ ጣቱንና የመሀል ጣቱን ከመካከለኛው አንጓ ላይ አጣ። ለቁስል እጥበት በተመላለሰባቸው ሳምንታት ያንን እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሰው ፊት አያሳይም ነበር፤ የእኛ ክፍል በር ሲዘጋ ብቻ ነው የሚያወጣው። እናቱ ውጭ ወንበር ላይ ሆነው ይጠብቁታል። በመጀመሪያው ቀን የጠየቀኝ ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ «ሲስተር፣ መዶሻ መያዝ እችላለሁ?» ነበር ያለኝ።

እነዚያ ሁለት ጣቶች ይተርፉ ነበር ብዬ የማምነው ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። ማሽኑ ሲገዛ ከዲስኩ ኋላ የሚቆም፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ጎበጥ ያለ ስስ ብረት ነበረው። ስሙን በየእንጨት ቤቱ የተለያየ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ እኔ «ምላስ» እለዋለሁ። ሥራው አንድ ነው፤ የተሰነጠቀው እንጨት ከኋላ እንዳይገጥም በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ማራቅ። ውፍረቱ ከዲስኩ ገላ ወፈር፣ ጥርሱ ከሚያወጣው ስንጥቅ ደግሞ ቀጠን ያለ መሆን አለበት። ከጥርሱ ያለው ርቀትም ከ8 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ያንን ምላስ ፈተው ጥለውት ነበር፤ ከላይ ያለውን ሽፋንም እንዲሁ። «ለሥራ አይመችም» ተባለ። ይህን ቃል ስንቴ እንደሰማሁት! የማይመች የሚሆነው አንዳንዴ እውነት ነው፤ እንጨቱን በሙሉ ውፍረቱ የማይሰነጥቅ የቦይ ሥራ ሲኖር ሽፋኑ መነሳት አለበት። ግን ለአንድ ሥራ የተነሳው ሽፋን ለዓመት አቧራ ለብሶ ጥግ ይወድቃል።

እንግዲህ እርስዎ አያት ነዎት። የልጅ ልጅዎ ወደሚሠራበት ቤት ሄደው መጎብኘት መብትዎ ነው። ባለቤቱ ፊት ልጁን እንዳያሳፍሩት ግን ይጠንቀቁ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አያቱ ለቁጥጥር መጣች ተብሎ ከሚሳቅበት ጣቱን ቢያጣ ይመርጣል። እንደ እንግዳ ይሂዱ። ቡና አፍልተው ይውሰዱላቸው፤ ለሁሉም ይድረስ። ቁጭ ብለው ማሽኑ ሲቆም ይመልከቱት። ዲስኩ ላይ ሽፋን አለ? ከኋላው ምላሱ ቆሟል? ማጥፊያው ሠራተኛው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ በእጁ ወይም በጉልበቱ የሚደርስበት ቦታ ነው ወይስ ግድግዳው ላይ ከጀርባው ነው? ወለሉ ላይ ብናኝና ቁርጥራጭ ተከምሮ ያዳልጣል? ጠረጴዛው አጠገብ እንጨት መግፊያ ዱላ ተቀምጧል? የመጨረሻው ከሌለ አይናደዱ፤ ከቁርጥራጭ እንጨት በአሥር ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው። ጫፉ ላይ እንደ ወፍ አፍ የተቀረጸ፣ አንድ ክንድ የሚያህል ዱላ ይበቃል። ልጁ ራሱ ሠርቶ ቢያመጣው ባለሙያውም ይወድለታል።

ለእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመብራት ነገር ነው። ልጁ እየቆረጠ መብራት ይጠፋል። ዲስኩ ይቆማል። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። ልጁ ማሽኑ ሞቷል ብሎ የተቀረቀረውን እንጨት ሊያወጣ፣ ብናኙን ሊጠርግ እጁን ያስገባል። በዚህ መሀል መብራት ይመጣል። የሚሆነውን መንገር አያስፈልገኝም። ለዚህ መድኃኒት አለው፤ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚጠፋና እንደገና ሰው ካልተጫነው የማይነሳ ማብሪያ አለ። አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቀላሉ ይገጥመዋል። እሱ እስኪገጠም ድረስ ልጁ አንድ ልማድ ይያዝ፦ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ማሽኑን ማጥፋት ነው፤ ከዚያ ከሶኬት መንቀል። ዲስክ ሲቀየር፣ ከፍታው ሲስተካከል፣ የተቀረቀረ ሲወጣ ሁሉ ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ይታይ። ሲጠፋም ዲስኩ ወዲያው እንደማይቆም ይታወስ፤ ድምፁ ሲቀንስ የቆመ ይመስላል እንጂ ገና ይዞራል። በእንጨት ቁራጭ ተጭኖ ማስቆም የሚባለውን ልማድ ሳየው ፀጉሬ ይቆማል።

ስለ አቆራረጡ ሙያው የእኔ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜዬም አናጺ ልሁን አልልም። ይሁን እንጂ ከጥሩ ባለሙያዎች ጠይቄ ያረጋገጥኳቸውን፣ ልጅዎን ለመጠየቅ የሚረዱዎትን ልጥቀስ። እንጨት በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ከዲስኩ ጎን ትይዩ በሆነው የብረት መሪ ላይ ተደግፎ መሄድ አለበት፤ በነፃ እጅ መሰንጠቅ የለም። መሪው ላይ የሚደገፈው ጎን ደግሞ አስቀድሞ ቀጥ ተደርጎ የተላገ መሆን አለበት፤ የተንሻፈፈ ጎን መንገድ ላይ ይዞርና ከዲስኩ ጋር ይጣላል። እንጨት በአግድሙ ሲቆረጥ ደግሞ በጠረጴዛው ቦይ ውስጥ በሚንሸራተተው ደጋፊ ተይዞ ይገፋል እንጂ በመሪው አይደለም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጠቀም፣ ማለትም በደጋፊው እየገፉ የእንጨቱን ጫፍ መሪው ላይ ማስጠጋት፣ ተቆርጦ የሚወድቀውን ቁራጭ በዲስኩና በመሪው መካከል ያፍነዋል፤ የታፈነ ቁራጭ ደግሞ ይወረወራል። የዲስኩ ጥርስ ከእንጨቱ በላይ ትንሽ ብቻ ይታይ፤ ለሁለት ጣት ውፍረት እንጨት አንድ ስንዝር ጥርስ አውጥቶ መሥራት ለምንም አይጠቅምም። ሠራተኛው ከዲስኩ መስመር ትንሽ ወደ ጎን ይቁም፤ እንጨቱ ቢወረወር በጎኑ እንዲያልፍ ነው። እጅ ለዲስኩ ከአንድ ስንዝር በላይ አይቅረብ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የዱላው ነው። ከዲስኩ ኋላ እጅ አይዘረጋም፤ ረጅም እንጨት ከሆነ ከኋላ የሚቀበል ማቆሚያ ይደረግለታል። ከግንባታ የተረፈ እንጨት ከአጣና ተራም ሆነ ከየትም ሲመጣ ምስማሩ ተለቅሞ ይውጣ፤ ምስማር ያገኘ ዲስክ ጥርሱን ይተፋል፣ የሚተፋውም ወደ ዓይን ነው። የደነዘዘ ዲስክም ይሳል ወይም ይቀየር። ልጁ እንጨቱን በኃይል እየገፋ ከሆነ፣ ወይም እንጨቱ ከተቃጠለና ከጨሰ፣ ዲስኩ ደንዝዟል ወይም መሪው ተጣሟል።

ጓንትን በተመለከተ ብዙ እናቶች በደግነት ይሳሳታሉ። «ጓንት ገዛሁለት» ይላሉ። በዚህ ማሽን ላይ ጓንት አይደረግም። ጥርሱ የጓንቱን ክር ከያዘ ጣት ብቻ ሳይሆን እጅን በሙሉ ይዞ ይገባል። ጓንት እንጨት ሲጫንና ሲወርድ ይደረግ፤ ማሽን ሲነሳ ይውለቅ። እጅጌ እስከ ክንድ ይጠቅለል ወይም አንጓው ላይ ይቆለፍ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ። ማተቡን አውልቅ አልልም፤ ሸሚዙ ውስጥ ይግባ፣ ተንጠልጥሎ እንዳይወርድ። ሴት ልጅዎ ከሆነች በዚህ ሙያ የተሰማራችው፣ ደስ ይበልዎት፤ ፀጉሯ በሻሽ ይጠቅለል፣ ሻርፕ አንገት ላይ አይንጠልጠል። መግዛት የሚፈልግ ወላጅ የዓይን መነጽር ይግዛ፣ የጆሮ መከለያ ይግዛ፣ የአፍንጫ ጭምብል ይግዛ። የእንጨት ብናኝ ለዓመታት ሲተነፈስ የአፍንጫ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ጆሮም ቀስ በቀስ ነው የሚሄደው፤ ልጁ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጉልኝ ማለት ሲጀምር ይጠርጥሩ።

አሁን በሐኪም ቤት ዓይን የማየውን ልናገር። አደጋ ሰዓት አለው። በበዓል ሰሞን፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ በሠርግ ሰሞን፣ ትዕዛዝ ሲበዛና ባለቤቱ «ዛሬ ማታ ሳይልቅ እንዳትሄዱ» ሲል፤ ቀን መብራት ጠፍቶ ውሎ ማታ ሲመጣና ሥራው ሁሉ ሌሊት ላይ ሲከመር። ክፍያው በተሠራው ዕቃ ብዛት ሲሆን ደግሞ ልጁ ራሱ መቆም አይፈልግም። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ልጅ፣ ወይም በረመዳን ሌሊት ተነስቶ ቀኑን ሙሉ የሚጾም ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ እጁ እንደ ጠዋቱ አይታዘዘውም። ጾሙን ይፍታ የምል ሰው አይደለሁም። ለባለቤቱ ግን ማስረዳት ይቻላል፦ የመቁረጥ ሥራ ጠዋት ይለቅ፣ ከሰዓት በኋላ ማጣበቅ፣ ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ቀለም ይሠራ። አንድ አስተዋይ ባለቤት እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ሥራውም አልቀረበትም። ጫትስ? ጫት የቃመ ልጅ ምርቃናው ላይ ሳለ ሁሉን እችላለሁ ይላል፤ ሲወርድበት ደግሞ ዓይኑ እያየ ልቡ አይገኝም። ሁለቱም ለዚህ ማሽን አይሆኑም። የመጠጥ ነገርማ የታወቀ ነው። የሳል ሽሮፕ፣ የአለርጂ ክኒን፣ እንቅልፍ የሚያስወስድ ማንኛውም መድኃኒት የወሰደ ልጅም ያን ቀን መጥረጊያ ይያዝ እንጂ መጋዝ ላይ አይቁም።

ዕድሜን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያሉት «ወጣት ሠራተኞች» ይባላሉ፤ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አይሠሩም፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አይሠሩም፣ ለሕይወታቸውና ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይም አይሰማሩም። ስለዚህ አሥራ ስምንት ያልሞላው ልጅ እንጨት ያመላልስ፣ ይለካ፣ ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍግ፣ ዓይኑን ከፍቶ ይመልከት። መጋዙ አይሸሽም፤ ሁለት ዓመት ቢጠብቅ ምንም አይጎድልበትም።

ግቢያቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ላላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ለየት ያለ ነገር አለኝ። ሕፃናት አቧራውን ይወዱታል፤ ለስላሳ ነው፣ ይሸታል፣ እንደ አሸዋ ይጫወቱበታል። ሥራ ሲያልቅ ሶኬቱ ተነቅሎ ገመዱ ተጠቅልሎ ይሰቀል፤ በር ካለው ይቆለፍ። ምሳ የሚያደርስ ልጅ አባቱን ከኋላ «አባባ!» ብሎ እንዳይጠራ ይማር። በር ላይ ቆሞ ማሽኑ እስኪጠፋ ይጠብቅ፤ ወጥ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል። ግራይንደር ላይ የእንጨት ዲስክ ገጥሞ የሚሠራ ካለ ዛሬውኑ ያስቁሙት። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፣ ለዚህ ዓይነት ዲስክም አልተሠራም፤ ከእጅ ሲያመልጥ የሚሄደው ወደ ጭን ወይም ወደ ፊት ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ወይም የላከው መጋዝ ካላችሁ ደግሞ የአገራቸው መብራት 120 ቮልት መሆኑን አትርሱ፤ ያለ ትራንስፎርመር እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ እዚያው አሜሪካ ጋራዥ ውስጥ መጋዝ የተከሉ ልጆች ያሏችሁም ይህን ጽሑፍ ላኩላቸው። እዚያ በየዓመቱ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ ማሽን ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ስቲቨን ጋስ የሚባል የፊዚክስ ምሁር ሥጋ ሲነካው በሺኛ ሴኮንዶች ውስጥ የሚቆም መጋዝ የፈለሰፈው በዚያው አገር ነው፤ አቅም ያለው ልጅ እሱን ይግዛ።

አደጋው ከደረሰስ? ይህን ክፍል ቆርጣችሁ አስቀምጡት። ማሽኑ ይጥፋ። የተጎዳውን አስቀምጡት ወይም አስተኙት፤ ደሙን ሲያይ ሊወድቅ ይችላል። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ እጁን ከልቡ በላይ ከፍ አድርጉት። ደሙ ጨርቁን ቢያልፍ ሌላ ደርቡበት እንጂ የመጀመሪያውን እየገለጣችሁ አትዩ። አሥር ደቂቃ ሳትለቁ ተጫኑ፤ የጣት ደም ከሞላ ጎደል በዚህ ይቆማል። እጅ ከአንጓ በላይ ተቆርጦ ደሙ እየፈነዳ ከሆነና በመጫን አልቆም ካለ ብቻ በሰፊ ጨርቅ ከቁስሉ በላይ ይታሰር፤ በሲባጎ ወይም በሽቦ አይሆንም፤ የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ። ቀለበት ካለ እብጠት ሳይቀድም አውልቁ። ቡና አትነስንሱ። ጨው፣ ነጭ ጋዝ፣ አፈር፣ የሸረሪት ድር፣ የጥርስ ሳሙና፣ ምንም አታድርጉ። ቡናው ደም ያቆመ ይመስላል፤ እኛ ግን ቁስሉን ለማጽዳት ያንን ቡና ከሥጋ ውስጥ እየለቀምን ልጁን ሁለተኛ እናሰቃየዋለን። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት፤ ማደንዘዣ ሊወስድ ይችላል። ወደ 907 ደውሉ፣ አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት።

የተቆረጠው ጣት ይፈለግ። አቧራው ውስጥ ይገኛል። በንጹሕ ውኃ ቀስ ብሎ ይታጠብ፣ አይፈተግም፣ አልኮል ውስጥም አይነከርም። በውኃ ረጠብ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል፣ ፌስታል ውስጥ ገብቶ በደንብ ይታሰር። ያ ፌስታል ደግሞ በረዶና ውኃ ባለበት ሌላ ፌስታል ወይም ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። በረዶው ጣቱን በቀጥታ እንዳይነካ! ከላይ የነገርኳችሁ ልጅ ጓደኞቹ ተሯሩጠው ከጭማቂ ቤት በረዶ አምጥተው ጣቶቹን እዚያው በረዶ ውስጥ ቀብረው ነበር ያመጧቸው። በፍቅር ነው ያደረጉት። ሥጋው ግን በርዶ ሞቶ ነበር። ጣት ውስጡ ጡንቻ የለውም፤ የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ክንድ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ በትክክል ከቀዘቀዘ ከእጅና ከእግር ይልቅ ብዙ ሰዓት ይታገሣል። መልሶ መስፋት የሚቻልበት ቦታ መገኘት አለመገኘቱን ሐኪሙ ይወስን፤ ባይሰፋ እንኳ ቆዳው ቁስሉን ለመሸፈን ሊያገለግል ይችላል። ጣቱ አብሮ ካልመጣ ግን የሚወሰን ነገር የለም።

እንጨት ሆዱን የመታው ልጅ ካለ ቁስል ባይታይም ቸል አትበሉ። ከሰዓታት በኋላ ከነጣ፣ ላብ ካሰመጠው፣ ሲነሳ ካዞረው፣ ወይም ግራ ትከሻው ላይ ያልነበረ ሕመም ካመጣ ጣፊያው እየደማ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ነው።

የመንጋጋ ቆልፍን ነገር ሳላነሳ ብቀር ሙያዬ ይወቅሰኛል። እናቶችና እህቶች በእርግዝና ጊዜ የቴታነስ መርፌ ይወስዳሉ። ወንዶቹ ልጆቻችን ግን በሕፃንነታቸው ከወሰዱት በኋላ ማን ጠይቋቸው ያውቃል? ልጁ ሥራ በጀመረ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂድና የክትባት ታሪኩን ነግሮ ያስመርምር። ከቆሰለም በኋላ መርፌውን ሳይወስድ እንዳይመለስ ጠይቁ፤ በግርግር መሀል ይረሳል።

ስለዚያ ልጅ ትጠይቁኝ ይሆናል። መዶሻ ይዟል። የቀሩት ጣቶቹ ግን ወር ሙሉ በፋሻ ተጠቅልለው ስለቆዩ እንደ እንጨት ደርቀው ነበር። የእጅ ቁስል ሲድን ትልቁ ጠላት ድርቀት ነው፤ ልጁ ስለሚያመው አያንቀሳቅሰውም፣ ባላንቀሳቀሰው ቁጥር ይባስ ይደርቃል። ሐኪሙ «አሁን ይንቀሳቀስ» ካለበት ቀን ጀምሮ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እጁን ማጠፍና መዘርጋት፣ ከዚያም ጥቃቅን ነገር ማንሳት ይጀምር። ልጁ አፍሮ እምቢ ሲል እናቱ አንድ ትሪ ምስር ፊቱ አስቀመጡ፤ «ልቀምልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቡና እስኪፈላ ሁለቱ ይለቅሙ ነበር።